«ሉዓላዊ»፣ «ባለቤት»፣ «እንደራሴ»፦ ስለ ቶማስ ሆብስ ቃላት የአማርኛ አተረጓጐም

ጌዶ ከአምቦና ከጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። የጌዶ ሰው በገበያ በኦሮምኛ ይነጋገራል፤ የመጽሐፍና የጽሕፈት ቤት አማርኛንም ያውቃል። አንድን ሐሳብ በሁለት ቋንቋ መመዘን እዚያ የዕለት ተዕለት ሥራ እንጂ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። በዚያ በቆየንባቸው ቀናት ለተማሪዎች የተባዛ፣ የጸሐፊው ስም ያልሰፈረበት አንድ የአማርኛ ማስታወሻ እጃችን ገባ። ማስታወሻው ስለ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስለ ቶማስ ሆብስና ስለ ፍጹም ሉዓላዊነት የሚናገር ነው። ስሕተቶቹ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ የጸሐፊው ሳይሆኑ የመዝገበ ቃላቶቻችን ናቸው፤ እኛ ልናቀርብለት ይገባን የነበረውን ቃል ባለማግኘቱ በእጁ ባለው ተጠቅሟል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ሂስ በዚያ ማስታወሻ ቢጀምርም የሚያርፈው በእኛው በቃላት ሠሪዎቹ ላይ ነው።

ስለ ሰውዬው ጥቂት እንበል። ሆብስ በ1588 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1679 እ.ኤ.አ. በ91 ዓመቱ የሞተ ሲሆን፣ በሀገሩ በንጉሡና በፓርላማው መካከል የተነሣውን የርስ በርስ ጦርነትና የንጉሡን የቀዳማዊ ቻርልስን በ1649 እ.ኤ.አ. በሞት መቀጣት ያየ ነው። ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል ወደ ፓሪስ ሸሽቶ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በስደት ኖሯል። ዋና መጽሐፉን «ሌዋታን»ን ያሳተመው በ1651 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ሀገር ዐፄ ፋሲለደስ በጐንደር የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ግን ሆብስ ራሱ ተርጓሚ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያሳተመው ዐቢይ ሥራ በ1629 እ.ኤ.አ. የወጣው የግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ የቱኪዲደስ ትርጉም ሲሆን፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ የሆሜርን ሁለት ታላላቅ ድርሳናት ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። «ሌዋታን»ንም በ1668 እ.ኤ.አ. በላቲን አሳትሞታል። ስለዚህ አንድን ቃል ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ምን እንደሚፈስስ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ማስታወሻው በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሉዓላዊነት»ን አስቀምጦ ትርጉሙን ሳይሰጥ ያልፋል። በዚህ አንፈርድበትም፤ ቃሉ ዛሬ በጋዜጣም በሕግም የተለመደ በመሆኑ ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል። ሥሩ «ለዐለ» ነው፤ ከፍ አለ፣ ላቀ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ልዑል»፣ «ላዕላይ»፣ «ልዕልና» እና «ሉዓሌ» ወጥተዋል። ግእዙን የያዘ ሰው «ሉዓላዊ» ሲባል ከፍታን ይሰማል፤ ግእዙን ያልያዘው ደግሞ አንድ ከባድ የመንግሥት ቃል ብቻ ይሰማል። በጽሑፍ «ሉዓላዊ» የሚሉም «ልዑላዊ» የሚሉም አሉ። ሁለተኛውን አጻጻፍ የማንደግፈው በሰዋስው ምክንያት ሳይሆን በትርጉም ምክንያት ነው። «ልዑል» በቤተ ክርስቲያን ከሁሉ በላይ የሆነው የእግዚአብሔር ስም ሲሆን፣ በቤተ መንግሥት ግን ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ላሉት ለመሳፍንቱ የሚሰጥ ማዕርግ ነበር። «ልዑላዊ ሥልጣን» ያልን እንደሆነ፣ ከላዩ ማንም የሌለውን ሥልጣን ከላዩ ንጉሥ ባለው ሰው ማዕርግ ጠራነው ማለት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ቃሉ የሚሠራበት አቅጣጫ ነው። ዛሬ በአማርኛ «ሉዓላዊነት» ሲባል በመጀመሪያ ወደ ኅሊና የሚመጣው የሀገር ዳር ድንበር ነው፤ «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» የምንለው የውጭ ጠላት ሲመጣ ነው። ይህ የዓለም አቀፍ ሕግ ትርጉም ነው፤ ስሕተት አይደለም። ሆብስ የሚናገረው ግን በዋናው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ስለሚያየው ሥልጣን ነው። በአንድ ሀገር ውስጥ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ሕግ የሚያወጣው፣ ዳኛ የሚሾመው፣ ጦር የሚያዝዘው፣ የትኛው ትምህርት ለሰላም እንደሚበጅ የሚወስነው ማን ነው? እነዚህ ሥልጣናት ቢከፋፈሉ ጦርነት ይመጣል ባይ ነው። የፈረንሣዩ ዣን ቦዳን ከእርሱ በፊት በ1576 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ሐሳብ በሀገሩ ቋንቋ ጽፎ፣ በ1586 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ራሱ ወደ ላቲን ሲመልስ «ማየስታስ» በሚለው ቃል ተጠቅሟል፤ የእኛው «ግርማዊነት» ማለት ነው። ሆብስ በላቲን ሲጽፍ የሚወደው «ሱማ ፖቴስታስ» የሚለውን ነው፤ ጫፍ የደረሰ ሥልጣን እንደ ማለት ነው። አንደኛው ቃል ዓይን የሚያየውን ክብር ሲያመለክት፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የሌለበትን ወንበር ያመለክታል። «ሉዓላዊ» በሥሩ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል፤ በአጠቃቀማችን ግን ከሁለቱም ርቆ የድንበር ጠባቂ ሆኗል።

«ፍጹም» የሚለው ቅጽል ሌላ ችግር ያመጣል። ማስታወሻው «ፍጹም ሉዓላዊነት»ን ሁለት ጊዜ በዚህ መልክ ከጻፈ በኋላ በሦስተኛው ላይ «አምባገነንነት» ወደሚል ቃል ተሸጋግሮ እስከ መጨረሻው እዚያው ይቀራል። ሆብስ አምባገነንን ደግፏል አልደገፈም የሚለው የፍልስፍና ክርክር ነው፤ ተርጓሚው ግን የክርክሩን መደምደሚያ በቃል ምርጫ አስቀድሞ ሊሰጥ አይገባውም። ሆብስ እንዲያውም አንዳንድ ሰዎች አንድን አገዛዝ ሲጠሉት ብቻ የሚሰጡትን ስም እንደ ልዩ የአገዛዝ ዓይነት መቍጠር እንደማይገባ ይከራከራል። በእርሱ ዘንድ የአገዛዝ ዓይነት ሦስት ብቻ ነው፤ ሥልጣኑ በአንድ ሰው፣ በጥቂቶች ወይም በሁሉም ጉባኤ እጅ ሊሆን ይችላል። በሦስቱም ሥልጣኑ እኩል ፍጹም ነው። ስለዚህ «ፍጹማዊ ዘውዳዊ አገዛዝ» የሚለውን የታሪክ መጻሕፍት ሐረግ ለሆብስ መጠቀምም አይበቃም፤ ንጉሥን ቢመርጥም ክርክሩ ለንጉሥ ብቻ አይደለምና።

«ፍጹም» የተባለውስ ምንድን ነው? በአማርኛ ፍጹም የተፈጸመ፣ ጉድለት የሌለበት ነው፤ ፍጹም ሰው ቅዱስ ሰው ነው። አውሮፓዊው ቃል ግን ከላቲኑ «አብሶሉቱስ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የተፈታ፣ ከእስራት የተለቀቀ ነው። የሮማ ሕግ ሊቃውንት ንጉሠ ነገሥቱ «ሌጊቡስ ሶሉቱስ» ነው ሲሉ ከሕግ የተፈታ ነው ማለታቸው ነበር። በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለት ነው፤ ዳኘ፣ ፈረደም ማለት ነው። ሥሩ አንድ ይሁን ወይስ መልካቸው የገጠመ ሁለት ሥሮች የሚለውን ለሥርወ ቃል ተመራማሪዎች እንተወዋለን፤ ለተናጋሪው ጆሮ ግን አንድ ነው። የእነርሱ «መፍታት» ከሕግ በላይ የሆነውን ገዥ ሲወልድ፣ የእኛው «መፍታት» ፍትሕንና «ፍትሐ ነገሥት»ን ወልዷል። ይህን የምንለው ለመመካት አይደለም። «ፍጹም»ን በዚህ ስፍራ ስንጠቀም «ከገዛ ሕጉ በላይ የሆነ» የሚለው ፍች በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት ለማለት ነው፤ አለበለዚያ አንባቢው ነቀፋ የሌለበት ሥልጣን እየተወደሰ ይመስለዋል። «ገደብ የለሽ» የሚለውን አንዳንዶች ይመርጣሉ። እርሱም ትንሽ ያልፋል፤ ሆብስ ማንም ሰው ሕይወቱን የመከላከል መብቱን አሳልፎ ሊሰጥ እንደማይችልና የተገዥው ግዴታ ገዥው ሊጠብቀው እስከቻለ ድረስ ብቻ እንደሚጸና ጽፏልና። «ፍጹም» ይቆይ፤ ፍቹ ግን ይጻፍለት።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ማስታወሻው ሕዝቡ ከንጉሡ ጋር ውል እንደገባ፣ በውሉም መሠረት ሕዝቡ ሊታዘዝ ንጉሡም ሊጠብቅ እንደተስማሙ አድርጎ ይተርካል። ይህ ለእኛ ጆሮ ደስ የሚያሰኝና ተፈጥሯዊ የሆነ አነጋገር ነው፤ ሰው ከአለቃው ጋር ሲዋዋል እናውቃለን። ነገር ግን ሆብስ የጻፈው የዚህን ተቃራኒ ነው። በሆብስ ዘንድ ውሉን የሚገቡት ሰዎቹ እርስ በርሳቸው፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ነው። ገዥው የውሉ ውጤት እንጂ የውሉ ወገን አይደለም። የገዥው ሥልጣን ፍጹም የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከማንም ጋር ያልተዋዋለ ሰው ውል አፍርሷል ተብሎ አይከሰስም። እንግዲህ ማስታወሻው በአንዲት «ከ… ጋር» የፈላስፋውን ግንብ ከመሠረቱ ንዶታል። በአማርኛ ይህን ለማስወገድ ግሱን መለወጥ ይበቃል፦ «ከንጉሡ ጋር ተዋዋሉ» ሳይሆን «እርስ በርስ ተዋውለው ሾሙት»።

የውሉን ስም በተመለከተም ሁለት ቃላት እንጂ አንድ ቃል አይበቃም። ሆብስ ሁለቱም ወገን መብቱን በአንድነት የሚለዋወጥበትን ስምምነት ከአንዱ ወገን ለወደፊት የሚታመንበት ስምምነት ይለየዋል። የመጀመሪያው «ውል» ነው። ለሁለተኛው «ቃል ኪዳን» የተሠራለት ይመስላል፤ በቃል ላይ ተማምኖ ለነገ የሚተው ነውና። «ኪዳን» ብቻውን ግን ብሉይና ሐዲስን፣ ኪዳነ ምሕረትንም ይዞ ስለሚመጣ ለዚህ ከባድ ነው። ሆብስ ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ከእግዚአብሔር ጋር በቀጥታ ኪዳን አለን እያሉ ገዥን አለመታዘዛቸውን አጥብቆ ይቃወማል፤ በቃላችን ምርጫ ተቃዋሚዎቹን ልንረዳበት አይገባም።

ከሁሉ የሚያሳስበንና ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ነገር ይህ ነው። ማስታወሻው ገዥውን «የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት» ይለዋል። ሐረጉ የተወሰደው ከየት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች አድርጎ የሚጠራቸው በዚሁ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በዚያ ስፍራ «ባለቤት» አይልም፤ ሥልጣኑ በእነርሱ ዘንድ ያድራል የሚል ግስ ነው ያለው። ማደር እና ባለቤት መሆን አንድ አይደሉም። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ፣ «ባለቤት» የሚለው ቃል የሀገሪቱ የሕግ ቃል ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብን ባለቤት ሲል ማስታወሻው ንጉሡን ባለቤት ቢል፣ ተማሪው የሁለቱ ልዩነት በሰዎቹ ማንነት ላይ ብቻ ነው ብሎ ያስባል፤ በዚያ ሕዝብ፣ በዚህ ንጉሥ።

ሆብስ ግን ስለ ባለቤትነት የራሱ የሆነ ጠንካራ ትምህርት አለው። በመጽሐፉ 16ኛ ምዕራፍ ላይ አንድ ሰው የሌላውን ቃልና ሥራ ወክሎ ሲናገርና ሲሠራ፣ ቃሉና ሥራው የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ንብረት ባለቤት እንዳለው ሁሉ ሥራም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ወካዩ እንጂ ተወካዩ አይደለም ይላል። ከዚያ በሚቀጥሉት ምዕራፎች ይህንኑ ወደ መንግሥት ያመጣዋል። እያንዳንዱ ተገዥ ገዥው ለሚሠራው ሁሉ ባለቤት ነው፤ ገዥው በተገዥዎቹ ስም የሚሠራ ነው። እንግዲህ በሆብስ ትምህርት ባለቤቱ ማን ነው? ተገዥው ነው። ገዥውን «ባለቤት» ያለው ማስታወሻ የክርክሩን ራስ ወደ እግር ገልብጦታል።

በዚህ ስፍራ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መሣሪያ መያዙን ሳናስተውል ልናልፍ አይገባም። በሰዋስዋችን «ባለቤት» የዐረፍተ ነገሩ ሠሪ ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ያ የሰዋስው ስም ተገዥ ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው። እንግሊዛዊው በሰዋስው ሠሪ የሚሆነውን በፖለቲካ ተገዥ በሚባልበት ቃል ይጠራዋል፤ እኛ በሰዋስው ሠሪ የሚሆነውን የቤቱ ጌታ በሚባልበት ቃል እንጠራዋለን። ሆብስ ተገዥው የገዥው ሥራ ሁሉ ሠሪ ነው ሲል፣ በእኛ አማርኛ ተገዥው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው ማለቱ ነው። ለነገሩ «ዜጋ» የሚለውም ቃል ወደዚህ የሚገባ ታሪክ አለው፤ በጐንደር ዘመን ሰነዶች በባለርስት መሬት ላይ ጥገኛ ሆኖ የሚያርሰውን ሰው ያመለክት የነበረው ቃል ዛሬ የመብት ባለቤት የሆነውን ሰው ያመለክታል።

ታዲያ ገዥው ምን ይባል? «እንደራሴ» እንላለን። ይህን ስንል አንዳንዱ አንባቢ ፈገግ እንደሚል እናውቃለን፤ እንደራሴ ማለት በታሪካችን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚቆም እንጂ ከሁሉ የበላይ የሆነ አይደለምና። ራስ ተፈሪ መኮንን በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን የተባሉት አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነው፤ በኋላም የፓርላማ አባላት የሕዝብ እንደራሴዎች ተብለዋል። ነገር ግን ቃሉን ከፍተን እንየው። «እንደ ራሴ» ነው፤ እኔን እንደሆነ ቍጠሩት ማለት ነው። በውስጡ ያለው የ«እኔ» ምልክት ከረዥም አገልግሎት የተነሣ ስለደነዘዘ «እንደራሴው»፣ «እንደራሴዎቹ»፣ «እንደራሴያችን» እያልን ሌላ አገናዛቢ እንደርብበታለን፤ የቀድሞው ግን አልጠፋም። ሆብስ ገዥውን ብዙ ጊዜ በሁለት ቃላት ይጠራዋል፤ «ሉዓላዊ እንደራሴ» ብለን ብንተረጕመው ከቃሉም ከሐሳቡም አንርቅም። የሐሳቡ አስደንጋጭነትም በዚህ ይወጣል፦ እኔን ሆኖ እንዲናገር ያቆምኩት ሰው በእኔ ላይ አዛዥ ሆነ፤ በእርሱ ላይ የማቀርበው ክስ ሁሉ በራሴ ላይ የቀረበ ሆነ። ይህን አረማመድ «አምባገነን» የሚለው ቃል ሊያሳየን አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው አጠቃቀም «ሉዓላዊ እንደራሴ»፣ ከዚያ በኋላ ለአጭሩ «ሉዓላዊው» እንዲባል፣ «ባለቤት» ደግሞ ለተገዥው እንዲጠበቅ እንመክራለን።

«ሰው» እና «አካል» የሚሉትንም በአጭሩ እንንካ። ሆብስ ውክልናን ሲያብራራ የላቲኑ ቃል የተዋናይ ጭምብል ማለት እንደነበረ፣ የግሪኩም «ፊት» ማለት እንደሆነ ያስታውሳል። ግእዝ በዚህ ስፍራ «ገጽ» አለው፤ የቲያትር ሰዎቻችንም «ገጸ ባሕርይ»ን ከዚሁ አውጥተዋል። የምዕራብ ሸዋው ተወላጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሼክስፒርን ሐምሌትንና ኦቴሎን ወደ አማርኛ በመለሱ ጊዜ የንጉሥና የተዋናይ ቋንቋ በአማርኛ ምን ያህል ሊራመድ እንደሚችል አሳይተዋል፤ የፍልስፍናው ስድ ንባብ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። «አካል» የሚለውን አንመክርም። በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት የጸና ቦታ ያለው ቃል ነው፤ ሆብስም የውክልና ትምህርቱን ወደ ሥላሴ ለማድረስ ሞክሮ በዘመኑ ካህናት ብርቱ ነቀፋ ደርሶበታል። «የሕግ ሰውነት» የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሐረግ ለዚህ ይበቃል።

ማስታወሻው ከአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር አንዱንም አለመጥራቱ አሳዝኖናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የሆብስን 18ኛ ምዕራፍ የሚያስታውስ ነው። ልዩነቱ ግን ትምህርት ይሰጣል። አባባሉ ንጉሥ የማይከሰሰው እንደ ሰማይ ስለማይደረስበት ነው ይላል፤ ምክንያቱ ከፍታው ነው። ሆብስ ደግሞ የማይከሰሰው ከሳሹ ራሱ የሥራው ባለቤት ስለሆነ ነው ይላል፤ ምክንያቱ ከታች የተሰጠው ውክልና ነው። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይነካ ሲያደርገው በዘር ሐረጋቸውና በቅብዓታቸው ላይ መሥርቶት ነበር፤ ይህ ከአባባሉ ወገን ነው እንጂ ከሆብስ ወገን አይደለም። ስለዚህ ስለ ዐፄው ሥርዓት «የሆብስ ሉዓላዊነት» ብሎ መጻፍ፣ አንዳንድ ጊዜ እንደሚደረገው፣ የሚመሳሰለውን ጣሪያ አይቶ መሠረቱን አለማየት ነው። ወደ ሆብስ ይበልጥ የሚጠጋው አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ይነገር የነበረው «የሞትነም እኛ፣ ያለነም እኛ» የሚለው ዐዋጅ ነው። ሰውዬው ሞቷል፤ ወንበሩ አልሞተም። ሆብስ ስለ አልጋ ወራሽነት ሲጽፍ የመንግሥት ሕይወት ሰው ሠራሽ ዘላለማዊነት እንደሚያስፈልገው ተናግሯል፤ የእኛ አዋጅ ነጋሪ ይህን በሁለት ሐረግ ይጨርሰው ነበር። «ዘመነ መሳፍንት» የምንለው፣ ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. የቈየው ጊዜ፣ ያ «እኛ» የማን እንደሆነ ያልታወቀበት ዘመን ነው፤ ለተማሪ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚዋጋበትን ሁኔታ ለማስረዳት የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ጌዶ ላይ ሆኖ ስለ ሉዓላዊነት የሚያስተምር ሰው ግን ከዚህም የሚቀርበው ምሳሌ አለው። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የነበረው ኦዳ ቢሲል ከጌዶ ሩቅ አይደለም፤ የመኮ ቢሊ ሕግ የሚባለውም ከዚሁ ስፍራ ጋር ይያያዛል። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከ«ሌዋታን» መታተም ሃምሳ ስምንት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ አባ ባሕርይ በግእዝ በጻፉት ታሪክ ኦሮሞዎች እንደ ሌላው ሕዝብ ንጉሥም ጌታም እንደሌላቸው፣ ነገር ግን ስምንት ስምንት ዓመት ለሚያስተዳድረው ሉባ እንደሚታዘዙ መዝግበዋል። አባ ባሕርይ ወዳጅ ሆነው አልጻፉም፤ ስለዚህ ምስክርነታቸው ይበልጥ ይታመናል። ሆብስ መንግሥት የሌላቸውን ሕዝቦች ለማሳየት ወደ አሜሪካ ጠቁሟል። ንጉሥ የሌለው ሥርዓት ያለው ሕዝብ ቢቀርብለት ምን ይል ነበር? መልሱን ከራሱ መጽሐፍ ማውጣት ይቻላል። በ19ኛው ምዕራፍ ለተወሰነ ጊዜ የተመረጠ ንጉሥ ሉዓላዊ ሳይሆን አገልጋይ ነው፤ ሉዓላዊው ተተኪውን የመምረጥ መብት ያለው ነው ይላል። በዚህ ሚዛን አባ ገዳው ሹም ነው፤ ሉዓላዊው ጨፌው ነው። ይሁንና ጨፌውም የአባቶችን ሕግ እየተነተነ የሚጨምር እንጂ ከሕግ በላይ ነኝ የሚል አይደለም፤ በዚህ ላይ የሆብስ ሚዛን ይንገዳገዳል። እንዲህ ያለው ፈተና ነው ለተማሪ መሰጠት ያለበት።

የቃሉ ጉዳይም እዚያው ይመለሳል። ኦሮምኛ «አባ» የሚለው አባትንም ባለቤትንም ነው። «አባ ለፋ» የመሬት ባለቤት ነው፤ «አባ መና» የቤት አባወራ፣ ባል፣ ማለት በአማርኛም «ባለቤት» የምንለው ነው። የፖለቲካ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት «አባ ቢዩማ» የሀገር ባለቤትነት ነው። «ኦልኣንቱማ» ደግሞ የበላይነት ነው፤ የሕግ የበላይነት የሚባለው በዚህ ነው። «አባ ገዳ» ግን የገዳ ንብረት ባለቤት አይደለም፤ ስምንት ዓመት ይዞ «ባሊ»ውን የሚያስረክብ ነው። እንግዲህ በአንድ «አባ» ውስጥ የያዘውም የተያዘለትም አሉ። ሆብስን በጌዶ ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ሰው እኛ በ«ባለቤት» ላይ የገጠመንን ዕንቅፋት በዚያው ቦታ ያገኘዋል፤ ምናልባትም የሁለቱ ቋንቋ ተርጓሚዎች አብረው ቢቀመጡ አንዱ የሌላውን ያቃናለታል። እስካሁን የስያሜ ሥራችን ከአማርኛ ወደ ሌሎቹ ሲወርድ እንጂ ከሌሎቹ ወደ አማርኛ ሲመጣ አልታየም።

ከቀሩት ቃላት ሁለቱን ብቻ እናንሣ። ማስታወሻው የሆብስን የመንግሥት ስም ቃል በቃል «የጋራ ሀብት» ብሎታል፤ ላቲኑ «ኪዊታስ» ስለሆነ «መንግሥት» ወይም፣ መንግሥት የሚለው አስተዳደሩንም ስለሚያመለክት፣ «ሀገረ መንግሥት» ማለት ይበቃል። «የተፈጥሮ ሕግ» የተባለውን ግን ብዙ አሰብንበት። ዛሬ ተማሪው ይህን ሲሰማ የፊዚክስ ሕግ ይመስለዋል። የሊቃውንቱ «ሕገ ልቡና» አለ፤ ሕገ ኦሪትና ሕገ ወንጌል ሳይሰጡ ሰው በልቡናው ብቻ ያወቀው ሕግ ነው። ሆብስም አእምሮ የሚያገኛቸው ሰላምን የሚያስገኙ ትእዛዛት ናቸው ስለሚል ቃሉ ይስማማል። አንድ እንከን አለው፤ ሕገ ልቡና አበው የተመሰገኑበት ሕግ ሲሆን፣ የሆብስ ግን የፈሩ ሰዎች ሒሳብ ነው። ቢሆንም እንመርጠዋለን።

ይህን ሁሉ ስንል «ማን ሾማችሁ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣብን አንዘነጋም። ሆብስ ክርክር የሚበዛው ስሞች ፍች ሳይሰጣቸው ስለሚቀሩ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ተከራካሪዎች የጋራ ዳኛ ካልሾሙ ክርክራቸው አያልቅምም ይላል። ይህን የወደደ አካዳሚ ራሱን የቃላት ሉዓላዊ አድርጎ ሊሾም ይፈተናል። ነገር ግን እርሱ ራሱ እንዳስተማረው ሰይፍ የሌለው ውል ቃል ብቻ ነው፤ አካዳሚ ደግሞ ሰይፍ የለውም፤ ሰይፍ ቢኖረውም ያሳፍር ነበር። በአብዮቱ ዘመን «ወዛደር» በ«ወታደር» አምሳል ሲሠራ ሕዝቡ የተቀበለው ጆሮው ስለተቀበለው ጭምር ነው፤ በዚያው ዘመን በዐዋጅ የታወጁ ሌሎች ቃላት ዛሬ በመዝገብ ብቻ ይገኛሉ። በገበያ መካከል ማንም ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ሌላው ባለበት ይቆም የነበረው ሰይፍ ስላየ አይደለም። ይህን ሆብስ በቀላሉ ሊያስረዳው የሚችል አይመስለንም። ስለዚህ «ሉዓላዊ እንደራሴ»ን እናቀርባለን እንጂ አናውጅም፤ የጌዶው መምህር በሚቀጥለው ማስታወሻው ቢጠቀምበት ወይም የተሻለ ቢያገኝ ሁለቱም ያስደስተናል።

የመጽሐፉ ስም ብቻ ይቀራል። ማስታወሻው ከእንግሊዝኛው ድምፅ ወስዶ «ሌቪያታን» ጽፏል። ስሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ «ሌዋታን» መባል ይገባዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ባላነሣነው ነበር። በመጽሐፈ ሄኖክ ግን፣ ሙሉው በግእዝ በተጠበቀልን መጽሐፍ፣ ሁለት ታላላቅ አራዊት ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ ብሔሞት በምድረ በዳ። ሆብስም ስለ ርስ በርሱ ጦርነት የጻፈውን ሌላ መጽሐፍ «ብሔሞት» ብሎታል። ሄኖክ ሌዋታንን ሴት፣ ብሔሞትን ወንድ ያደርጋቸዋል። እንግሊዝኛ ግሱን በጾታ ስለማይለይ ሆብስ አላስጨነቀውም፤ አማርኛ ግን ከመጀመሪያው ግስ ጀምሮ ይጠይቃል። ሌዋታን ተነሣ እንበል ወይስ ተነሣች? ሀገርን በሴት፣ ንጉሥን በወንድ የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ሌዋታን ደግሞ በሆብስ ዘንድ ሁለቱንም ነው። እኛ ሄኖክን ይዘን «ተነሣች» ብለናል።